ጆቫኒ ስኪያፓሬሊና የተወርዋሪ ኮከቦች ምሥጢር

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሰው ልጅ በሌሊት ቀና ብሎ ሰማይን ማየት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ከሚያስደንቁት ነገሮች አንዱ ተወርዋሪ ኮከብ ነው። ጸጥ ባለው ሰማይ ላይ አንዲት የብርሃን ጭረት ድንገት ብልጭ ትልና ዓይን ሳይጠግባት ትጠፋለች። በዓመቱ ውስጥ ባሉ አንዳንድ የታወቁ ሌሊቶች ደግሞ ተወርዋሪዎቹ አንድ ሁለት ብቻ ሳይሆኑ በርከት ብለው ይታያሉ። እነዚህ ብርሃኖች ምንድን ናቸው? ከወዴትስ ይመጣሉ? ቀን እንደተቀጠረለት እንግዳ በየዓመቱ በአንድ ወቅት የሚመላለሱትስ ስለ ምንድን ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ያስገኘው ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ ነው። የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ግን የድል ታሪክ ብቻ አይደለም። በዓይኑ ተመልክቶ በስሌት ያረጋገጠው አንድ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ጸንቶ ሲኖር፣ በመነጽር አየሁት ያለው ሌላ ነገር ከጊዜ በኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህም ታሪኩ ዕውቀት እንዴት እንደሚገኝ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚመረመርም ያስተምራል።

ስኪያፓሬሊ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1835 ዓ.ም. በሰሜን ጣሊያን በፒየሞንት አውራጃ በምትገኘው በሳቪሊያኖ ከተማ ተወለደ። አባቱ አንቶኒኖ በጡብ መተኮሻ ምድጃ የሚሠራ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውም፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ጥያቄ መጠየቅ የተከለከለ አልነበረም። ሕፃኑ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ሌሊት አባቱ ከዋክብትን በየስማቸው እየጠራ ያሳየው ነበር። በዚህ መካከል ተወርዋሪ ኮከቦች ብልጭ ብለው ጠፉ። ልጁም ምን እንደሆኑ ጠየቀ። አባትየው የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ሊመልስ አልፈለገም፤ ይህን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ መሆኑን ነገረው። ያ ያልተመለሰ ጥያቄ በልጁ አእምሮ ውስጥ ተተክሎ ቀረ።

የሰባት ዓመት ልጅ በሆነ ጊዜ፣ በጁላይ 8 ቀን 1842፣ በትውልድ ከተማው ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ጨለመች። ሕፃኑ ይህን ድንቅ ነገር በመስኮት ሆኖ ተመለከተ። ይበልጥ ያስገረመው ግን የፀሐይ መጨለም ራሱ ሳይሆን፣ ይህ እንደሚሆን ቀኑንና ሰዓቱን ሳይቀር አስቀድመው ያወቁ ሰዎች መኖራቸው ነበር። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ለመሆን ተመኘ። በከተማው የሚኖር ፓውሎ ዶቮ የተባለ አንድ የተማረ ቄስ የልጁን ፍላጎት አይቶ መጻሕፍት ያውሰው ጀመር። ከቤተ ክርስቲያኑ የደወል ማማ ላይ እያወጣም በትንሽ መነጽር የሰማይን አካላት ያሳየው ነበር።

ስኪያፓሬሊ በቱሪን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1854 በ19 ዓመቱ በምሕንድስና ተመረቀ። መሐንዲስ መሆን ለድኻ ልጅ የተደላደለ ኑሮ የሚያስገኝ ሙያ ነበር። የእርሱ ልብ ግን በሰማይ ላይ ነበር። እንጀራውን ለማግኘት በአንድ የቱሪን ትምህርት ቤት ሒሳብ እያስተማረ፣ በትርፍ ጊዜው ሥነ ፈለክንና የውጭ ቋንቋዎችን ማጥናቱን ቀጠለ። የፒየሞንት መንግሥትም ትጋቱን በመመልከት በ1857 ወደ ውጭ ሀገር ሄዶ እንዲማር ድጎማ ሰጠው። በበርሊን ከታወቀው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከዮሐን ኤንኬ ዘንድ ተማረ። ከዚያም በሩሲያ በፒተርስበርግ አጠገብ ወደሚገኘው የፑልኮቮ የከዋክብት መመልከቻ ተሻገረ። በ1860 ወደ ሀገሩ ተመልሶ በሚላኖ ከተማ በብሬራ የከዋክብት መመልከቻ በረዳትነት ተቀጠረ። በዓመቱ፣ በ1861፣ በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት ታናናሽ አካላት አንዷን አግኝቶ ሄስፔሪያ የሚል ስም ተሰጣት። በ1862 የመመልከቻው ኃላፊ ፍራንቼስኮ ካርሊኒ ሲሞት፣ የ27 ዓመቱ ወጣት በምትኩ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

በዚያ ዘመን ስለ ተወርዋሪ ኮከቦች የነበረው ዕውቀት በጭላንጭል ላይ የቆመ ነበር። የጥንቱ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ በአየር ውስጥ የሚቀጣጠል የምድር ትንፋሽ ናቸው ብሎ ስላስተማረ፣ ብዙ ሰዎች ለረጅም ዘመን እንደ መብረቅና እንደ ነፋስ የአየር ጠባይ ነገር አድርገው ይቈጥሯቸው ነበር። በ1833 በኖቬምበር ወር ግን ይህን አስተሳሰብ የሚያናጋ ነገር ደረሰ። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በአንድ ሌሊት ተወርዋሪ ኮከቦች እንደ በረዶ ብናኝ ሰማዩን ሞሉት። ብዙ ሰዎች የዓለም ፍጻሜ የደረሰ መስሏቸው ተሸበሩ። ዴኒሰን ኦልምስተድ የተባለ አሜሪካዊ መምህር ግን ከየቦታው የተመልካቾችን ቃል አሰባስቦ፣ ተወርዋሪዎቹ በሙሉ አሰድ በሚባለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ ካለ አንድ ስፍራ የሚፈልቁ መስለው እንደታዩ አስረዳ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት አንድ ቀጥ ያለ ረጅም መንገድን ማሰብ ይበቃል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከሉት የስልክ እንጨቶች በእውነቱ እርስ በርሳቸው አይቀራረቡም፤ ለተመልካች ግን በሩቅ አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙ ይመስላሉ። ተወርዋሪ ኮከቦችም ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ ስለሚመጡ ከአንድ ነጥብ የተበተኑ መስለው ይታያሉ። ሌሊቱ እየገፋ ከዋክብቱ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብሉ ያ መነሻ ነጥብ አብሯቸው ይጓዛል። ከዚህም የተነሣ ተወርዋሪዎቹ ከአየራችን የተወለዱ ሳይሆኑ ከውጭ፣ ከሰፊው ሕዋ፣ የሚመጡ መሆናቸው ታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ በየዓመቱ በኦገስት ወር ሁለተኛ ሳምንት ላይ ተወርዋሪዎች እንደሚበዙ አመለከተ። በጣሊያን ያለው ገበሬ እነዚህን የኦገስት ብርሃኖች ቀድሞውንም ያውቃቸው ነበር። ዕለቱ የቅዱስ ሎሬንዞ በዓል በመሆኑ የቅዱሱ እንባዎች ይላቸው ነበር።

ከሕዋ እንደሚመጡ ከታወቀም በኋላ ከምን እንደሚመነጩ የሚያውቅ አልተገኘም ነበር። ስኪያፓሬሊ በ1866 የኦገስት ወር ተወርዋሪዎችን በብርቱ ሲከታተል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የተከተለው ጥያቄ ከፊቱ ቆመ። ለዚህ ሥራ ታላቅ መሣሪያ አላስፈለገውም። ተወርዋሪ ኮከብ በየት በኩል እንደሚወጣ ስለማይታወቅ፣ የሰማይን ጥቂት ክፍል ብቻ የሚያሳይ መነጽር አይጠቅምም። የሚያስፈልገው የሰው ዓይን፣ ትዕግሥት፣ ሰዓትና ማስታወሻ መያዣ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማሰብና ማስላት ነው።

በመጀመሪያ ፍጥነታቸውን ለማወቅ ፈለገ። ብልጭ ብሎ የሚጠፋን ነገር ፍጥነት በቀጥታ መለካት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ሌላ መንገድ ተከተለ። ከምሽት ይልቅ ወደ ንጋት ግድም ብዙ ተወርዋሪ ኮከቦች እንደሚታዩ ቀደም ሲል በተመልካቾች ተመዝግቦ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። በዝናብ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ከጀርባው ይልቅ ደረቱ ይረጥባል። ምድርም በፀሐይ ዙሪያ ስትሮጥ ከኋላዋ ይልቅ በፊቷ በኩል ብዙ ብናኝ ይገጥማታል። እኛ ያለንበት የምድር ገጽ ወደ ጉዞዋ አቅጣጫ የሚዞረው ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በምሽትና በንጋት ቍጥር መካከል ያለው ልዩነት እንደ ብናኞቹ ፍጥነት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ስኪያፓሬሊ ይህን አስልቶ ተወርዋሪዎቹ ከምድር እጅግ የሚፈጥኑ ሆነው አገኛቸው። ምድር በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ እነርሱ ግን ወደ 42 ኪሎ ሜትር የተጠጋ ፍጥነት ነበራቸው። እንዲህ ያለው ፍጥነት በምድር ርቀት አጠገብ ሲያልፉ የሚገኘው በጅራታም ኮከቦች ላይ ነው።

ይህ ፍንጭ ወደ ቀጣዩ እርምጃ መራው። የኦገስት ተወርዋሪዎች የሚፈልቁት ፐርሴውስ ከሚባለው የከዋክብት ክምችት አቅጣጫ ነው። አቅጣጫቸውና ፍጥነታቸው ከታወቀ፣ በፀሐይ ዙሪያ የሚጓዙበትን ምሕዋር ማስላት ይቻላል። ስኪያፓሬሊ ስሌቱን ሠርቶ ሲጨርስ ያገኘውን ምሕዋር ከታወቁት ጅራታም ኮከቦች ምሕዋር ጋር አስተያየ። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1862 የበጋ ወራት፣ ሉዊስ ስዊፍትና ሆረስ ተትል የተባሉ አሜሪካውያን አንድ ብሩህ ጅራታም ኮከብ አግኝተው ነበር። ስኪያፓሬሊ ራሱም ያን ጊዜ ተመልክቶታል። የሁለቱ ምሕዋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። የምሕዋሩ ጋድሎሽና ለፀሐይ የሚቀርብበት ስፍራ ሳይቀር ተቀራረበ። እንዲህ ያለው መግጠም በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም ነበር።

ስለዚህ ምሥጢሩ ተፈታ። የኦገስት ተወርዋሪ ኮከቦች ከዚያ ጅራታም ኮከብ ተለይተው በመንገዱ ላይ የተዘረጉ ብናኞች ናቸው። ምድር በዓመት አንድ ጊዜ ያን መንገድ ስለምታቋርጥ፣ ብርሃኖቹ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ይመለሳሉ። ስኪያፓሬሊ ግኝቱን በሮማ ለሚገኘው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለአንጀሎ ሴኪ በተከታታይ ደብዳቤዎች ገለጸለት፤ በ1867ም በመጽሐፍ መልክ አሳተመው።

ማስረጃውም በላይ በላዩ ተከማቸ። በኖቬምበር 1866፣ ከ1833ቱ በኋላ በ33ኛው ዓመት፣ የአሰድ ተወርዋሪዎች በአውሮፓ ሰማይ ላይ በብዛት ታዩ። በ1867 መጀመሪያም ስኪያፓሬሊና ሌሎች ሊቃውንት የእነዚህን ምሕዋር ከሌላ ጅራታም ኮከብ ምሕዋር ጋር አገናኙት። ከሁሉ የበለጠው ማረጋገጫ ግን በ1872 መጣ። ቢየላ የሚባለው ጅራታም ኮከብ በ1846 ለሁለት ተከፍሎ ታይቶ፣ ከ1852 በኋላ ደብዛው ጠፍቶ ነበር። በኖቬምበር 27 ቀን 1872 ምድር የእርሱን መንገድ ስታቋርጥ፣ ጅራታሙ ኮከብ ሳይሆን ብዛት ያለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ታየ። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ በ1868 ሽልማት የሰጠው ሲሆን፣ የለንደን የንጉሣዊ ሥነ ፈለክ ማኅበርም በ1872 የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። የጡብ ምድጃ ሠራተኛው ልጅ አባቱ ሊመልሰው ያልቻለውን ጥያቄ መለሰ።

ስኪያፓሬሊ በዚህ አልተገታም። በ1877 ማርስ የተባለችው ፕላኔት ወደ ምድር በጣም በቀረበች ጊዜ፣ ስፋቱ 22 ሳንቲ ሜትር በሆነ መነጽር ገጽዋን እየመረመረ ዝርዝር ካርታ ነደፈ። በካርታው ላይ ለየስፍራው ከጥንታዊ ታሪክና ከአፈ ታሪክ የተወሰዱ ስሞችን ሰጠ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። በካርታው ላይ ግን ቀጫጭን ረጃጅም መሥመሮችም ነበሩ። እርሱ በቋንቋው ካናሊ አላቸው። ይህ ቃል በጣልያንኛ ተፈጥሮ ያበጀችውን የውኃ መተላለፊያም፣ ሰው የቈፈረውን ቦይም ሊያመለክት ይችላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም ግን ሰው ሠራሽ ቦይ የሚለው ትርጉም ብቻ ተወሰደ። ቦይ ካለ ደግሞ ቆፋሪ አለ ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ በማርስ ላይ አእምሮ ያላቸው ፍጡራን ይኖራሉ የሚል ወሬ በዓለም ተሰራጨ። ፐርሲቫል ሎዌል የተባለ ባለጸጋ አሜሪካዊ በ1894 የከዋክብት መመልከቻ አሠርቶ ይህን አሳብ በመጻሕፍት አስፋፋ። አንድ ቃል በጥንቃቄ ሳይተረጐም በመቅረቱ ምን ያህል ስሕተት ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሆኖም ስሕተቱ የተርጓሚዎች ብቻ አልነበረም። መሥመሮቹ ራሳቸው በማርስ ላይ አልነበሩም። ዓይን ከችሎታው ወሰን ላይ ሲደርስ የተበታተኑ ነጠብጣቦችን አያይዞ እንደ መሥመር ያያቸዋል። በ1909 ኤውጄን አንቶኒያዲ በፓሪስ አጠገብ በሚገኝ 83 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መነጽር ሲመለከት፣ በመሥመሮቹ ፋንታ ቅርጸ ቢስ ጥላዎችን አገኘ። በ1965ም ማሪነር 4 የተባለችው መንኰራኵር በማርስ አጠገብ አልፋ በላከችው ፎቶግራፍ ላይ ቦይ ሳይሆን የጐደጐዱ ጠባሳዎች ታዩ።

ስኪያፓሬሊ የዓይኑ ብርሃን እየደከመ ስለሄደ በ1900 ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላም አልቦዘነም። የጥንት ሕዝቦች ስለ ሰማይ የነበራቸውን ዕውቀት እየመረመረ በ1903 በብሉይ ኪዳን ስለሚገኘው ሥነ ፈለክ መጽሐፍ አሳተመ። በጁላይ 4 ቀን 1910 በ75 ዓመቱ በሚላኖ ከተማ ዐረፈ።

ዛሬ በምርምር እንደሚታወቀው ጅራታም ኮከብ ከበረዶና ከአቧራ የተሠራ አካል ነው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው እየተነነ አቧራውን ይለቀዋል። አብዛኛው ብናኝ ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። የኦገስቶቹ ብናኞች በሴኮንድ 59 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ አየራችን ይገባሉ፤ ከምድር በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይም ግለው ያበራሉ። እናታቸው የሆነችው ጅራታም ኮከብ በ1992 ተመልሳ ታይታለች፤ እንደገና የምትመለሰው በ2126 ይሆናል።

በሀገራችን የኦገስቶቹ ተወርዋሪዎች የሚበዙት በነሐሴ 6 ቀን ግድም በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የክረምቱ ደመና ይጋርዳቸዋል። ሰማዩ በሚጠራበት ወቅት ግን የአሰድ ተወርዋሪዎች በኅዳር 8፣ ገውዝ ከሚባለው የከዋክብት ክምችት የሚመነጩት ደግሞ በታኅሣሥ 4 እና 5 ግድም ይታያሉ። የሚመለከት ሰው ከመብራት ርቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በጀርባው ተንጋልሎ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል መታገሥ አለበት። ከዚያም በየሰዓቱ ያየውን ቈጥሮ ቢመዘግብ፣ ስኪያፓሬሊ የተጠቀመበትን ዓይነት ማስረጃ በእጁ ያገኛል።

ስኪያፓሬሊ በተወርዋሪ ኮከቦች ላይ የተሳካለት፣ ያየውን በቍጥር ለክቶ፣ ቍጥሩን ሌሎች ደግመው ሊፈትኑት በሚችሉት ስሌት ስላረጋገጠ ነው። በማርስ ላይ የተሳሳተው ደግሞ ዓይኑ ያሳየውን ሌላ መመዘኛ ሳይገኝለት በማመኑ ነው። ሁለቱም የአንድ ትጉ ሰው ሥራዎች ናቸው። ትጋት ሳይኖር ዕውቀት አይገኝም፤ ትጋት ብቻውን ግን ስሕተትን አይከለክልም።

መልመጃ 1፦ ከምንባቡ የወጡ ጥያቄዎች

1. አባትየው ለሕፃኑ የሰጠው መልስ ስለ አባትየው ጠባይ ምን ያስረዳል?
2. ተወርዋሪ ኮከቦችን ለመመልከት መነጽር የማይጠቅመው ለምንድን ነው?
3. ከምሽት ይልቅ ወደ ንጋት ግድም ብዙ ተወርዋሪዎች የሚታዩበትን ምክንያት በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።
4. ካናሊ የሚለው ቃል አተረጓጐም ምን ስሕተት አስከተለ? ለስሕተቱ ሌላስ ምን ምክንያት ነበረ?

መልመጃ 2፦ የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች መሠረት እየተጠቀማችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ምሕዋር፣ ድጎማ፣ ደብዛ፣ ጭላንጭል፣ መመዘኛ

መልመጃ 3፦ ድርሰት

አንድ ሌሊት ሰማይን ተመልክታችሁ ያያችሁትን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ስፍራውንና ሰዓቱን፣ በሁለተኛው ያያችሁትን ብቻ፣ በሦስተኛው ካያችሁት ተነሥታችሁ የገመታችሁትን አስቀምጡ። ያያችሁትንና የገመታችሁትን እንዳታደባልቁ ተጠንቀቁ።